የፍሬን ዘይት መቼ ይቀየራል? ለምንስ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጋራዥ ደጃፍ ላይም በስልክም ደጋግሜ የምጠየቃቸውን፣ ከቀላሉ ጀምሬ እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

የፍሬን ዘይት ሥራው ምንድን ነው?

የእግራችሁን ጉልበት ጎማው ድረስ የሚያደርሰው እሱ ነው። ፔዳሉ ማስተሩን፣ ማለትም ዋናውን የፍሬን ፓምፕ፣ ይገፋል። ማስተሩ ዘይቱን ይገፋል። ዘይቱ በቀጫጭን ቱቦዎች ሄዶ ጎማው ጋ ያለውን ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑ ደግሞ ሸራውን ከዲስኩ ወይም ከታምቡሩ ጋር ያጣብቀዋል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ፈሳሽ ቢጫኑት ስለማይጨመቅ ነው። አየርና እንፋሎት ግን ይጨመቃሉ። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ቀጥሎ የምለው ሁሉ እሷ ላይ ነው የሚዞረው።

ዘይት ይባል እንጂ የሞተር ዘይት ዘመድ አይደለም። አብዛኞቹ መኪኖች የሚጠቀሙት ግላይኮል ከሚባል የኬሚካል ዝርያ የተሠራውን ነው። ከዘይት ጋር ሳይሆን ከውሃ ጋር የሚስማማ ነገር ነው፤ ጣጣውም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ካልጎደለ ለምን ይቀየራል?

ውሃ ስለሚጠጣ። ክዳኑ ተከፍቶ ያደረ ጨው እንዴት እንደሚረጥብ አይታችኋል? የፍሬን ዘይትም እንደዚያው ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። መኪናው ላይ ያለው ዘይት የታሸገ ቢመስልም በላስቲክ ቱቦዎቹና በማጠራቀሚያው ክዳን በኩል እርጥበት ቀስ እያለ ይገባዋል። የፈሰሰ ነገር የለም፣ የጎደለ ነገር የለም፣ ዘይቱ ግን የድሮው አይደለም።

ውሃው ሲገባ ዘይቱ ቶሎ መፍላት ይጀምራል። አዲስ ዶት 3 (አንዱ የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ) ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። 3.7 በመቶ ውሃ ሲቀላቀልበት ግን መስፈርቱ የሚጠይቀው 140 ዲግሪን ብቻ ነው። ይህ በአንድ ሊትር ውስጥ 37 ሚሊ ሊትር ውሃ ማለት ነው፤ ከግማሽ ሲኒ ብዙም አይበልጥም። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ደጋግማችሁ ስትይዙ ዲስኩ ብዙ መቶ ዲግሪ ይግላል፣ ሙቀቱም በሸራውና በፒስተኑ አልፎ ዘይቱ ጋ ይደርሳል። ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል። ያኔ ፔዳሉን ስትረግጡ የሚጨመቀው እንፋሎቱ ነው። ጎማው ምንም አልሰማም።

ሌላው ዝገት ነው። ዘይቱ ውስጥ ዝገት የሚከላከል ቅመም አለ፤ እሱም ከጊዜ ጋር ያልቃል። ከዚያ በኋላ ማስተሩ፣ የካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚያጣብቀው ክፍል) ፒስተንና የኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚቆጣጠረው) ክፍል ከውስጥ መበላት ይጀምራሉ። የአንድ ሊትር ዘይት ዋጋ ከኤቢኤስ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

በስንት ጊዜ ልቀይር? በኪሎ ሜትር ነው ወይስ በዓመት?

ዋናው ዓመት ነው። እርጥበት መኪናው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ አይጠይቅም። ብዙ የአውሮፓ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ ይላሉ፤ ሆንዳ ለብዙዎቹ መኪኖቹ ሦስት ዓመት ይሰጣል። ጃፓን ውስጥ መኪኖች በየሁለት ዓመቱ በሚያልፉበት የግዴታ ምርመራ ላይ ዘይቱንም አብሮ መቀየር የተለመደ ነው። የእናንተው መኪና መመሪያ መጽሐፍ ካለ የሚቀድመው እሱ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለት ዓመት። እንዳይረሳ ደግሞ አንድ ቦሎ እየዘለላችሁ፣ ቦሎ በምታሳድሱበት ሰሞን አድርጉት። ያገለገለ መኪና ከገዛችሁ ሻጩ ምንም ቢላችሁ በገዛችሁበት ሳምንት ቀይሩት። «በቅርቡ ነው የተቀየረው» የሚለውን ከመኪና ሻጭ አፍ ያልሰማ ሰው አላውቅም።

ውጭ ነው የምኖረው። መኪናዬ ግቢ ውስጥ ሦስት ዓመት ቆማለች። ምንም ሳትነዳ ዘይቱ ይቀየራል?

ይቀየራል። እንዲያውም የቆመች መኪና ይብስባታል። ዘመድ በየሳምንቱ ሞተር ያስነሳላችሁ ይሆናል፤ ለባትሪው ጥሩ ነው። ፍሬኑን ግን ማንም አልነካውም። ዘይቱ ባለበት ቆሞ እርጥበት ይስባል፤ ፒስተኖቹም ባሉበት ሊይዙ ይችላሉ።

ከኤርፖርት መጥታችሁ በማግስቱ ወደ ባሕር ዳር እንዳትነሱባት። መጀመሪያ ዘይቱ ይቀየር፣ አራቱም ጎማ ይፈታ፣ ፒስተኖቹ እንደ ልብ እንደሚንቀሳቀሱ ይታይ።

ቀለሙ ከጠቆረ ተበላሽቷል ማለት ነው?

አርጅቷል ማለት ነው። አዲሱ ዘይት እንደ ውሃ የጠራ ወይም ፈዘዝ ያለ የማር ቀለም ያለው ነው። ሲቆይ ቡናማ ይሆናል፤ እንደ ቡና አተላ ከጠቆረ ደግሞ መጠየቅም አያስፈልግም።

ተንኮሉ ያለው በተቃራኒው ነው። ዘይቱ የጠራ ስለሆነ ደረቅ ነው ማለት አይደለም። ውሃ ቀለም የለውም። ለዚህ ሲባል እስክሪቢቶ የሚመስል መለኪያ አለ፤ ጫፉን ዘይቱ ውስጥ ሲነክሩት አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ መብራት ያበራል። የሚለካው ዘይቱ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን ነው፤ ከዚያ ተነስቶ የውሃውን መጠን ይገምታል። ለግምት አይከፋም። ግን የሚለካው ላይኛው ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለውን ነው፤ እሳቱን የሚበላው ደግሞ ታች ጎማው ጋ ያለው ዘይት ነው። አረንጓዴ አበራ ብላችሁ አራት ዓመት የሞላውን ዘይት አታቆዩ። ዘይቱን በትክክል አፍልቶ የሚለካ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ካገኛችሁ እሱ ይሻላል።

ሲጎድል ብጨምርበት አይበቃም?

አይበቃም። የፍሬን ዘይት እንደ ሞተር ዘይት አይዞርም። ፔዳሉን ስትረግጡ ትንሽ ይገፋል፣ ስትለቁ ይመለሳል። ስለዚህ ከላይ አዲስ ብትጨምሩ፣ ወይም መካኒኩ የማጠራቀሚያውን በሲሪንጅ መጥጦ አዲስ ቢሞላላችሁ፣ ጎማው ጋ ያለው አሮጌ ዘይት እዚያው ነው።

ደግሞ ለምን ጎደለ? ሸራው ሲያልቅ ፒስተኑ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ዘይቱ ቀስ በቀስ ዝቅ ማለቱ ያለ ነገር ነው። እሱን እያያችሁ እስከ አፉ ከሞላችሁት አዲስ ሸራ የገባ ቀን ዘይቱ ወደ ኋላ ተገፍቶ ይፈስሳል። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ቀለሙን ይልጠዋል፤ ወዲያው ብዙ ውሃ ድፉበት።

በሳምንት ውስጥ ዝቅ ካለ ግን የሸራ ጉዳይ አይደለም፤ እየፈሰሰ ነው። የኋላ ጎማዎቹን የውስጥ በኩል እዩ። ሰው የሚረሳው አንድ ቦታ ደግሞ አለ፦ ፔዳሉ ሥር ያለው ምንጣፍ። ማስተሩ ወደ ውስጥ ሲያፈስ እዚያ ነው የሚረጥበው።

ዶት 3፣ ዶት 4፣ ዶት 5፣ ዶት 5.1... የቱን ልግዛ? ይደባለቃሉ?

መልሱ የማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ተጽፏል። አብዛኛውን ጊዜ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ይላል። «ዶት» የአሜሪካ ትራንስፖርት ሚኒስቴር ምህጻረ ቃል ነው፤ መስፈርቱን ያወጣው እሱ ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ዘይቱ ሙቀት የመቋቋም አቅሙ ይጨምራል፦ ዶት 4 አዲስ ሳለ 230፣ ውሃ ሲገባው 155 ዲግሪ፤ ዶት 5.1 ደግሞ 260 እና 180።

ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ቢደባለቁ ችግር አይፈጥሩም። ዶት 3 የሚል መኪና ላይ ዶት 4 መሙላት ይቻላል፤ ለቁልቁለት ተጓዥ እኔም የምመክረው እሱን ነው። ወደ ታች ግን አትውረዱ፤ ዶት 4 የሚል ላይ ዶት 3 አይደረግም።

ዶት 5 ሌላ ፍጥረት ነው። ሲሊኮን ነው፣ ወይን ጠጅ ቀለም አለው፣ ከሌሎቹ ጋር አይደባለቅም፣ ኤቢኤስ ላለው መኪናም አይሆንም። ከ5.1 ጋር ይህን ያህል ተመሳሳይ ስም ያወጣላቸው ሰው ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ። «ዶት 5 ውሃ አይስብም፣ ታዲያ እሱ አይሻልም?» የሚሉኝ አሉ። ውሃው ከዘይቱ ጋር ካልተዋሃደ ጠብታ ሆኖ ዝቅተኛው ቦታ፣ ማለትም ጎማው ጋ፣ ይጠራቀማል። እዚያ ደግሞ እንደማንኛውም ውሃ ይፈላል። ግላይኮሉ ውሃውን ጠጥቶ መያዙ ለካ ውለታም ነው።

የተረፈኝን ዘይት ለሌላ ጊዜ ላስቀምጠው?

ክዳኑ አንዴ ከተከፈተ ጠርሙሱ ውስጥም ውሃ መጠጣቱን አያቆምም። ጥብቅ አድርጋችሁ ዘግታችሁ ለጥቂት ወራት ማሟያ ይሁን እንጂ ከሁለት ዓመት በኋላ ለሚመጣው ቅያሬ አታቆዩት። ሶማሌ ተራ (አዲስ አበባ ያለው የመለዋወጫ ገበያ) ስትገዙም ትልቅ ጠርሙስ ስለረከሰ አትጓጉ፤ የምትጨርሱትን ያህል፣ ማሸጊያው ያልተነካ ግዙ። ከመኪናው የወጣው ዘይት ደግሞ ቢጣራም አይመለስም።

መንገድ ላይ ብቸገርና ለጊዜው የመሪ ዘይት ባደርግበትስ? ውሃስ?

በፍጹም። የማውቀው አንድ የሚኒባስ ሹፌር ማታ ዘይቱ ጎድሎበት እጁ ላይ የነበረውን የመሪ ዘይት ጨመረበት። ያን ለት ያዘ። ተደሰተ። በሦስተኛው ቀን ፍሬኑ አልለቅ አለ፤ ጎማዎቹ እየተጎተቱ፣ እየሸተቱ ጋራዥ ደረሰ። የማጠራቀሚያውን ክዳን ሲከፍቱት ውስጡ ያለው ላስቲክ ሻይ ውስጥ እንደተነከረ ዳቦ አብጧል። ተመልሶ ክዳኑ ውስጥ አልገባ አለ። መካኒኩ ላስቲኩን በሁለት ጣቱ ይዞ ዝም ብሎ አሳየው።

የመሪም ሆነ የሞተር ዘይት ከነዳጅ ድፍድፍ የተሠራ ነው፤ የፍሬን ላስቲክ ደግሞ እሱን አይችለውም። ያንን ክዳን ያሳበጠው ዘይት ማስተሩ ውስጥ ያለውንም፣ አራቱም ጎማ ጋ ያለውንም ጎሚኒ፣ ማለትም ዘይት እንዳያሾልክ የሚዘጋውን ላስቲክ፣ ያሳብጣል። ያ ሰው ላስቲክ የነካውን ሁሉ ነው ያስቀየረው፤ ቱቦዎቹን ጨምሮ። ውሃ ደግሞ ከላይ ያልነው ነው፤ አንዴ ሲግል ይፈላል። ዘይቱ እየፈሰሰ ከሆነ ምንም ብትሞሉበት አይድንም። ጎታች ጥሩ።

ጋራዥ ሲቀይሩልኝ ምን ልመልከት?

ብዙ ቦታ ሥራው የሁለት ሰው ነው። አንዱ መሪው ጋ ይቀመጣል፣ አንዱ ጎማው ሥር ይገባል። «እርገጥ!» «ያዝ!» «ልቀቅ!» ሲባባሉ ትሰማላችሁ። ታች ያለው ሰው «ያዝ» ሲል ትንሿን የአየር ማስወጫ ቡሎን ይከፍታል፣ ዘይቱ ይወጣል፣ ይዘጋል፣ ከዚያ «ልቀቅ» ይላል። ፔዳሉ ቡሎኑ ሳይዘጋ ከተለቀቀ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል። ቡሎኗ ላይ የምታስተላልፍ ላስቲክ ቱቦ ተሰክታ ጫፏ ጠርሙስ ውስጥ መግባት አለባት፤ ቀለሙ ከቡናማ ወደ ጠራ ሲለወጥ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። መሬት ላይ እያፈሰሰ የሚሠራ ከሆነ መቼ እንደጠራ እሱም አያውቅም።

አራቱም ጎማ መሠራቱን እዩ። የፊቱን ሁለት ብቻ ሠርቶ «አለቀ» የሚል ሞልቷል። ለአንድ ትንሽ መኪና እስከ አንድ ሊትር ይሄዳል፤ ከጠርሙሱ ሩብ ብቻ ከጎደለ ጠይቁ። በሥራው መሃል የላዩ ማጠራቀሚያ ባዶ እንዳይሆን። ፍሪሲዮኑም በዘይት የሚሠራ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚጠጣው ከዚሁ ከፍሬን ማጠራቀሚያ ነውና የእሱም ይለወጥ።

አንድ የሚናቅ ነገር ልጨምር። አሮጌ መኪና ላይ ረጋጩ ፔዳሉን እስከ ወለል እንዳይደፍቀው ንገሩት። በአዘቦት ቀን ፔዳሉ እዚያ ድረስ አይወርድም፤ ስለዚህ ማስተሩ ውስጥ ያ ክፍል ዝገት ይዞ ሊሆን ይችላል። ጎሚኒው ዝገቱ ላይ ሲንሸራተት ይቀደዳል። ዘይት ልታስቀይሩ ሄዳችሁ ማስተር ገዝታችሁ ትመለሳላችሁ። ፔዳሉ ሥር ቁራጭ ጣውላ ማስቀመጥ ይበቃል።

ዘይቱ ከተቀየረ በኋላ ፔዳሉ ለሰለሰብኝ። ምን ሆኖ ነው?

አየር ቀርቶበታል። ደጋግማችሁ ስትረግጡት ከፍ እያለና እየጠነከረ ከመጣ አየር ነው፤ ወይም የኋላው ታምቡር ሸራ ርቆ ማስተካከያ ይፈልጋል። ይመለስና እንደገና አየሩ ይውጣ። ኤቢኤስ ባለው መኪና ላይ አየሩ ኤቢኤሱ ውስጥ ከገባ በእግር ብቻ ላይወጣ ይችላል፤ ክፍሉን በኮምፒውተር እያስነሳ የሚያስወጣ ጋራዥ ያስፈልጋል።

እግራችሁን እንደጫናችሁ ስትቆዩ ፔዳሉ ቀስ እያለ ከሰመጠ፣ ዘይቱም ካልጎደለ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ማስተሩ ከውስጥ እያሳለፈ ነው።

ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ገደል ገባብኝ። ቆሜ ሳርፍ ተመለሰ፤ ጋራዥም «ምንም የለውም» አሉኝ። ምን ነበር?

በእኔም ደርሷል። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቼ ወደ ደብረ ሲና እየወረድኩ ነበር፣ መኪናው ሰው ጭኖ፣ ጣሪያውም ዕቃ ተሸክሞ። ፔዳሉ መጀመሪያ ትንሽ ለሰለሰ። ቀጥሎ ያለው ኩርባ ላይ ግማሽ ድረስ ወረደ። ከዚያ እግሬ ሥር ምንም የለም፤ ባዶ ጆንያ የረገጥኩ ነው የመሰለኝ። ማርሽ ቀንሼ፣ የእጅ ፍሬን ቀስ በቀስ ስቤ ዳር ያዝኩ። አርባ ደቂቃ ያህል ቆምን። ፔዳሉ ተመለሰ፣ ጠንካራ ሆኖ። ታች ወርደን ያሳየሁት ጋራዥ ረግጦ ሞክሮት «ወንድሜ ፍሬንህ ጤነኛ ነው» አለኝ። አልዋሸም። የቀዘቀዘ ዘይት እንፋሎቱ መልሶ ፈሳሽ ስለሚሆን ማስረጃው ይጠፋል። ዘይቱ አምስት ዓመት ሞልቶት ነበር።

መንገዱን አስቡት፦ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ግድም። የአባይ በረሃም ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከተማ ውስጥ ብቻ የሚነዳ ሰው በአረጀ ዘይት ዓመታት ሊኖር ይችላል፤ ዘይቱ የሚፈተነው እዚህ ነው። ከፍታው ራሱ ትንሽ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላው፣ የፍሬን ዘይትም ደጋ ላይ ጥቂት ዲግሪ ቀድሞ ይፈላል።

የሸራ መጋል ደግሞ ሌላ ችግር ነው፤ ሰው ያደባልቃቸዋል። ሸራው ሲግል ፔዳሉ እንደጠነከረ ነው፣ መኪናው ግን አልቆም ይላል፤ የተቃጠለ ነገርም ይሸታል። ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ ራሱ ይሰምጣል። ሁለቱም በአንድ ቀን ሊመጡ ይችላሉ። ፔዳሉ ከሰመጠ ቶሎ ቶሎ ርገጡት፣ ትንሽ ሊይዝ ይችላል፤ ማርሽ አንድ በአንድ ቀንሱ፤ የእጅ ፍሬን ብዙ መኪኖች ላይ በሽቦ እንጂ በዘይት ስለማይሠራ እሱን ቀስ አድርጋችሁ ሳቡ። ዘይቱ አዲስም ቢሆን ስትወጡ በተጠቀማችሁበት ማርሽ ውረዱ። አውቶማቲክ ከሆነም ዝቅተኛ ማርሽ አለው፤ ፈልጉት።

የኤሌክትሪክ መኪናስ የፍሬን ዘይት አለው?

አለው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ በብዛት የምሰማው ጥያቄ ይሄ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ፍጥነት ሲቀንስ አብዛኛውን ሥራ ሞተሩ ራሱ ይሠራዋል፤ ኃይሉንም ወደ ባትሪ ይመልሳል። ሸራው ስለዚህ ብዙ ይቆያል። ዘይቱ ግን እርጥበት ከመሳብ አላረፈም፤ የዓመት ቆጠራው እንዳለ ነው። እንዲያውም ፍሬኑ ብዙ ስለማይሠራ ዝገት ይበረታበታል። ቮልክስዋገን አይዲ 4 የኋላ ፍሬኑ ዲስክ ሳይሆን ታምቡር የሆነበት አንዱ ምክንያት ይሄው ነው፤ ታምቡር ዝግ ስለሆነ ብዙ ሳይሠራ ቢቆይም ይችለዋል።

ደግሞ ባትሪው ጢም ብሎ ሲሞላ የሚመለሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ቤታችሁ እንጦጦ ሥር ከሆነና ሌሊቱን መቶ በመቶ ሞልታችሁ ጠዋት ቁልቁል ከወረዳችሁ፣ በእነዚያ የመጀመሪያ ኪሎ ሜትሮች መኪናውን የሚይዘው ሸራውና ዘይቱ ነው።